አመተ ሐና ከገበያ መንገድ የተመለሰችበት ተአምር

አምላክን በድንግልና የወለደች እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም፣ ሰው ሁሉ ለተዋት ለአንዲት ምስኪን ያደረገችው ተአምር ይህ ነው፤ አማላጅነቷ ይህን ከምንሰማ ከሁላችን ጋር ይሁን፣ አሜን።

በቆላ አፋፍ ላይ በተሠራች በአንዲት የሴቶች ገዳም አመተ ሐና የምትባል ሽባ ሴት ነበረች። ወላጆቿ በሕፃንነቷ ከገዳሙ በር ትተዋት ሄዱና መነኮሳይያቱ አሳደጓት፤ እግሯ አይሄድም፣ እጇ ዕቃ አይጨብጥም፣ አእምሮዋም እንደ ሕፃን ነበረ። ዳዊት ሊያስተምሯት ብዙ ደከሙ፣ አንዲት መስመር እንኳ አልያዘችም። ነገር ግን እመቤታችንን እጅግ ትወዳት ነበርና ጧት ጧት ሥዕሏን ሳታይ እህል ላትቀምስ ተስላ ነበር። ተሸክመው ከሥዕሉ ፊት ባስቀመጧት ጊዜም «እመቤቴ፣ እንዴት አደርሽ» ትላታለች፤ ጸሎቷ ይህ ብቻ ነበር። እንዲህ እያለች ጠጉሯ ሸበተ።

በዚያች ገዳም ሥርዓት መቁነን የሚባለው የዕለት ዳቦ ለታመመውም ለጤነኛውም እኩል ይታደል ነበር። ከዚያም ዝናም ቀረና ጎተራው ጎደለ። እመ ምኔቷ እማሆይ ፍቅርተ ክርስቶስ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ይህን የምነግራችሁ እንዳትፈርዱባት ነው፣ በእሷ ቦታ ብንሆን እኛም ያንኑ እናደርግ ይሆናልና። እህሉ እስከ መኸር እንደማይደርስ ባየች ጊዜ አረጋውያቱን ሰብስባ «የሚያርሱትና ውሃ የሚቀዱት ከወደቁ ሁላችንም እናልቃለን። አመተ ሐና ግን አታርስ፣ አትፈጭ፤ እንዳትጸልይልን እንኳ ጸሎት አታውቅ» አለቻቸው። አረጋውያቱም አንገታቸውን ደፍተው ዝም አሉ፤ ዝምታቸውም እንደ መስማማት ተቆጠረ።

ሁለት ወጣት መነኮሳይያትም በቃሬዛ ተሸክመዋት ወንዙን ተሻገሩና፣ አላፊ አግዳሚው ይመጸውታት እንደ ሆነ ብለው፣ ከገበያው መንገድ ዳር ከዋርካ ሥር አስቀመጧት። እሷም «የት ልትሄዱ ነው?» አለቻቸው። አንደኛዋ ፊቷን አዙራ «ውሃ ቀድተን እንመጣለን፣ እዚሁ ጠብቂን» አለቻት። አመተ ሐናም «እሺ፣ እንዳትደክሙ ቀስ በሉ» አለች። እነሱም እያለቀሱ ሄዱ፣ ወደ ኋላቸውም አላዩም። ነገር ግን ገበያው በድርቁ ምክንያት ተፈትቶ ነበርና በዚያ መንገድ የሚያልፍ ሰው አልነበረም። የዚያችን ሌሊት ነገር ለመናገር አንደበቴ ይከብደኛል፤ ጅብ በሚጮህበት ሜዳ ላይ አንዲት ሽባ ሴት ውሃ ሊቀዱ የሄዱ እኅቶቿን ትጠብቅ ነበር። በነጋም ጊዜ ሥዕል ከፊቷ ስለሌለ ወደ ባዶው መንገድ ተመልክታ «እመቤቴ፣ እንዴት አደርሽ» አለች።

በዚያው ዕለት በቀትር እመ ምኔቷ ዳቦ ስታድል፣ ልብሷ አቧራ የለበሰ አንዲት ሴት፣ እናት ልጇን በአንቀልባ እንደምታዝል ሰው አዝላ ከዕቃ ቤቱ ደጃፍ ቆመች። እመ ምኔቷ የታዘለችውን ፊት አላየችምና «እናቴ፣ ከየት መጣሽ?» ብላ ጠየቀቻት።

«ከገበያው መንገድ ነው። የሁለታችንን መቁነን ስጪኝ።»

«ችግራችንን ታዪዋለሽ፣ ለሚሠሩትም አልበቃ። ያዘልሻትስ ለምን ትጠቅማለች?»

ያች ሴትም «የምትጠቅመኝ መስሎሽ ነው ያዘልኋት?» አለቻት። ቀጥላም «ልጄን በበረት በወለድሁት ጊዜ እጁ ሥራ አያውቅም ነበር፤ እኔም ምን ይሠራልኛል ብዬ አላቀፍሁትም» አለቻት፤ ይህንም ብላ ያዘለቻትን ከደጃፉ አወረደችና ከዓይን ተሰወረች።

የወረደችውም አመተ ሐና ነበረች። እመ ምኔቷን ባየች ጊዜ ፈገግ ብላ «ውሃው ርቋቸው ነው መሰል እኅቶቼ ቆዩብኝ፤ እመቤቴ ናት ይዛኝ የመጣች። እነሱስ በደኅና ገቡ?» አለቻት። እመ ምኔቷም ይህን በሰማች ጊዜ ከእግሯ ሥር ወደቀች፤ ብትረግማት ይሻላት ነበር። ከዚያም ደወል አስደውላ በማኅበሩ ሁሉ ፊት በደሏን ተናዘዘች፣ ሁሉም እያለቀሱ እመቤታችንን አመሰገኑ፣ መቁነኑም እንደ ቀድሞው ለሁሉ እኩል ሆነ።

እህሉ በረከተ እንድላችሁ ትጠብቁ ይሆናል፤ አልበረከተም። ዳቦው ለሁሉም አነሰ፣ ሁሉም አብረው ተራቡ፣ አብረውም ከመኸር ደረሱ። አመተ ሐና ግን የዚያች ሌሊት ብርድ ደረቷን መትቷት ነበርና አዝመራውን ሳታይ በእመ ምኔቷ ጭን ላይ ዐረፈች።

በቀብሯም ዕለት ከሌላ ደብር የመጣ አንድ ቄስ እመ ምኔቷ አልጽናና ብላ ስታለቅስ አይቶ «እማሆይ፣ ሟቿ ለገዳሙ ምን ትሠራ ነበር?» አላት።

«ምንም አትሠራም ነበር፣ አባ።»

«ታዲያ ይህን ያህል የሚያስለቅስዎ ምን አጥተው ነው?»

«እሷን» አለችው።

እናንተም ይህን የሰማችሁ ወገኖች፣ ጉልበታችሁ በደከመ ጊዜ፣ ስማችሁም ከሰው ልብ በጠፋ ጊዜ፣ የአምላክ እናት አትርሳችሁ፤ በቤታችሁ የተኛውን ድውይ የምታዩበትን ዓይን ልጇ ያብራላችሁ፤ ለዘለዓለሙ፣ አሜን።