የማመልከቻ ጸሐፊው አሮጌ ላፕቶፕ

አንድ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበረ። ሽማግሌው ተረት ሊጀምርብኝ ነው ብለህ ፊትህን አታጨማድድ፤ የጠየቅኸኝን አልረሳሁትም። «መምህር፣ ሰው አሮጌ ላፕቶፑን እስከ መቼ ነው መያዝ ያለበት?» ብለኸኛል። ግማሹ ሦስት ዓመት ይበቃዋል ይላል፣ ግማሹ እስኪሞት ድረስ ይላል። አንተም ጤና ጣቢያው ለካርድ ክፍልህ አዲስ ሰጥቶህ፣ ከነካርቶኑ መደርደሪያ ላይ አስቀምጠህ፣ እስከ ዛሬ በገዛ አሮጌህ እንደምትሠራ ነግረኸኛል። የመመረቂያ ጽሑፌን የጻፍሁበት ነው፣ አልጨክንበትም አልህ። እሺ። እኔ የዓመቱን ቁጥር አላውቅም፤ ያስተማርሁህም አማርኛ እንጂ ሒሳብ አልነበረም። የማውቀው የዚህን ሰው ነገር ነው፤ ስማኝ አስናቀ።

ሰውዬው የሚሠራው በአንድ የገበያ ከተማ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ በቆርቆሮ ጥላ ውስጥ ነበር። መብራት ከጎኑ ካለው ሻይ ቤት በገመድ ስቧል። ድሮ በእስክሪብቶ ነበር የሚጽፈው። ጣቶቹ ማበጥ ሲጀምሩ ሚስቱ አላስቻላትምና ፈልጋ አፈላልጋ ላፕቶፕ አመጣችለት። አቧራ እንዳይገባበትም በገዛ እጇ ነጭ ዳንቴል ሠራችለት። ከዚያ እሷ ታመመች፣ አረፈችም፤ ነፍሷን ይማር። ማሽኑ ሲከፈት መጀመሪያ የሚወጣው የእሷ ፎቶ ነው። ሰውዬውም ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደርሽ?» ይላታል። ሰው ቢሰማው አያፍርም ነበር።

ላፕቶፑ አረጀ። ማጠፊያው ተሰብሮ ክዳኑን የሚያቆመው ጡብ አስደግፎ ነው። አንዳንዱ ቁልፍ ወልቆ በባዶ ላስቲኩ ላይ ይጫናል። ሲበራ ደግሞ ወፍጮ ቤት የገባህ ነው የሚመስልህ። እስኪነሣ ድረስ ባለጉዳዮቹ አግዳሚው ላይ ተደርድረው ይጠብቃሉ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ሲላቸው፣ እንቁላሉማ ሄዶ ሄዶ ዶሮ ሆኖ ተመለሰ እኮ እያሉ ይስቁበታል፤ እሱም አብሮ ይስቃል። የባትሪው ነገር ግን የሚያስቅ አልነበረም። ባትሪው ሞቷል፤ መብራት ከሄደ ማሽኑም ይሄዳል፣ የተጻፈውም አብሮ ይሄዳል። መሀል ላይ የጻፍሁትን ላስቀምጥ ካለ ደግሞ ማሽኑ ይደርቅበታል። ስለዚህ እስከ መጨረሻው ጽፎ አንዴ ነበር የሚያስቀምጠው፤ መብራቱን ለፈጣሪ አደራ ሰጥቶ።

ሴት ልጁ አዲስ ገዝታ አመጣችለት። ከነካርቶኑ አልጋ ሥር ከተተው። «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» ብሎ ቀለደባት። የእናቴን ፎቶ ወደ አዲሱ እገለብጥልሃለሁ ብትለውም አልሆነም። ልጅ ናት፣ ነገሩ የፎቶ መሰላት። ሚስቱ የነካችውን፣ ያለበሰችውን ማሽን መተው እሷን ሁለተኛ መቅበር ነበር የሚመስለው። ይህን ግን ለማንም አልተናገረም።

ደግሞ አንድ የሚኮራበት ልማድ ነበረው። ሌሎቹ ጸሐፊዎች ነገሩን በጨረፍታ ሰምተው፣ ከሌላ ሰው ማመልከቻ ገልብጠው ስም ብቻ ይቀይራሉ። እሱ እንደዚያ አይወድም። ባለጉዳዩ ከሥር ከመሠረቱ ይነግረዋል፣ እሱ ከአፉ ላይ እየተቀበለ ይጽፋል። ሲጨርስ ጮክ ብሎ ያነብለታል። ባለጉዳዩ «አዎ፣ የኔ ነገር ይኸው ነው» ካላለ አሻራ አያስነካውም። ሰው ያላለውን በሰው ጣት አላስፈርምም ይል ነበር። ጥሩ ልማድ ነው፤ እኔም ወድጄለታለሁ።

አንድ የክረምት ቀን አንዲት አሮጊት መጣች። ልጇ ሞቶባታል። የምታሳድገው የእሱን ልጅ ነው፤ ልጅቷ እናትም የላትም። አሁን አጎት ነኝ ባይ ከሩቅ መጥቶ፣ በነገው የጠዋት መኪና ልወስዳት ነው ብሏል። ሊያስተምራት አይደለም፣ ቤቱ ውስጥ ሊያሠራት ነው። ፍርድ ቤቱ የእግድ ማመልከቻዋን ዛሬውኑ ከተቀበላት፣ ነገሩ እስኪታይ ልጅቷ ከአያቷ ቤት አትወጣም። መዝገብ ቤቱ ከተዘጋ ግን አለቀ፤ መኪናው ከሄደ በኋላ ማን ያገኛታል?

ጸሐፊው ከሥር ጀምረው ይንገሩኝ አላት። ነገረችው። ልጇ ውኃ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበር። እታች እንዳለ አፈሩ ተደረመሰበት። መንደርተኛው አካፋ ይዞ ሲረባረብ፣ እሷ አፋፉ ላይ በደረቷ ተኝታ ድምፁን ትሰማ ነበር። «እማ፣ አለሁ» ይላታል። ቆይቶ እንደገና «አለሁ» ይላታል። ከዚያ ዝም አለ። ይህን ስትናገር የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ ነው። እሱም አንገቱን ደፍቶ ጻፈ። ሊጨርስ ትንሽ ሲቀረው መብራት ሄደ።

መብራቱ ሲመጣ ወፍጮው ጮኸ፣ የሚስቱ ፎቶ ወጣ፤ ማመልከቻው ግን የለም። አፈር ስሆን እናቴ፣ እንደገና ይንገሩኝ ብሎ ለመናት። ደግ ሴት ነበረች። ማሽኑን በመዳፏ ቸብ ቸብ አድርጋ «አይዞህ፣ አንተም እንደኔ ደክመሃል» አለችው። ከዚያ እንደገና ጀመረች፤ አሁን ግን አሳጠረችው። ድምፁን የሰማችበት ጋ ስትደርስ ዘለለችው። እሱ ደግሞ ልማዱ ነውና፣ እዚያ ላይ ምን ይል ነበር ብለውኛል ብሎ መለሳት። «‹አለሁ› ይለኝ ነበር» አለችው። ያን ጊዜ ነጎድጓድ አጉረመረመ፣ መብራቱም ብልጭ ብሎ ጠፋ።

ቆይቶ ሲመለስ መዝገብ ቤቱ ሊዘጋ ነው። ሰውዬው ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። እንደ ምንም ብሎ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ቢደግሙልኝ አላት። አሮጊቷ የነጠላዋን ጫፍ ከአፏ ላይ አወረደች።

«ወንድሜ፣ ልጄን ስንት ጊዜ ልቅበረው?» አለችው።

በቁጣ አልነበረም። ብትቆጣ ይሻለው ነበር። የደከመው ሰው እንደሚጠይቅ፣ መልሱን ፈልጋ የጠየቀችው ነው የሚመስለው። ሰውዬው ስክሪኑን አየ፤ ሚስቱ ትስቃለች። እሷን ሁለተኛ አልቀብርም ብሎ፣ ይህችን እናት ልጇን ሲያስቀብራት መዋሉ ያን ጊዜ ገባው። እንባው መጣ። ክዳኑን ቀስ አድርጎ ዘጋው፤ ዳንቴሉን አለበሰው። ከፕሪንተሩ ነጭ ወረቀት መዘዘ፣ ከደረት ኪሱ እስክሪብቶ አወጣ።

«ከእንግዲህ አይንገሩኝ፤ ሰምቻለሁ» አላት።

ባበጡት ጣቶቹ ጻፈ። አመመው፣ ቢሆንም ጻፈ። ለካ ቃሏን አንድ ሳይቀር ይዞታል። ጉድጓዱ ጋ ሲደርስ እጁ ቆመ። ለዳኛው የሚያስፈልገው አንድ መስመር ነው፤ «አባቷ በሥራ ላይ ሳለ አርፏል» ብሎ አለፈ። የቀረውን ለእናትየው ተወላት። ሲጨርስ እንደ ልማዱ አነበበላት፤ ድምፁን ግን ዝቅ አድርጎ። «አዎ፣ የኔ ነገር ይኸው ነው» አለችና አውራ ጣቷን አሳረፈች። ክንዷን ደግፎ፣ በሩ ሊዘጋ ሲል ይዟት ገባ። እግዱ ወጣ። በማግስቱ መኪናው ልጅቷን ሳይዝ ሄደ።

ሰውዬውም በማግስቱ አዲሱን ላፕቶፕ ይዞ ሥራው ላይ ተገኘ። አሮጌውስ አትለኝም? አልጣለውም፤ ለቆራሌውም አልሰጠውም። ከነዳንቴሉ ቤቱ ወስዶ መስኮት ሥር አኖረው። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይከፍተዋል። ያ ወፍጮ ይጮሃል፣ እሱ እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል። ፎቶዋ ሲወጣ «እንዴት ሰነበትሽ?» ይላታል። እዚያ ቤት ከእሱ ሌላ የሚጠብቅ ሰው የለም።

እንግዲህ አስናቀ፣ አንተም እንደዚያ ሰው ነህ። አባካኝ አይደለህም፤ እጅህ የለመደውን ትወዳለህ፣ ውለታ አትረሳም። እሰይ፣ ያሳደግሁህ እንደዚያ ነው። ስንት ዓመት ልያዘው ግን አትበለኝ። የእርጅናውን ሸክም የምትሸከመው አንተ እስከሆንህ ድረስ ያዘው፤ ቢፈልግ እስክታረጅ ያዘው። ሸክሙ ወደ ሌላ ሰው ትከሻ የዞረ ቀን ግን አመስግነህ ቤትህ አስገባው።

ያ ቀን መቼ ነው ካልኸኝ፣ ዛሬ ጠዋት ካርድ ክፍልህ በር ላይ፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ነበር። አላየኸኝም፤ ማሽንህን ታባብላለህ። እኔስ ጡረተኛ ነኝ፣ መጠበቅ ሥራዬ ነው። ከጎኔ ግን በትኩሳት የሚንቀጠቀጥ ሕፃን ያቀፈች ሴት ነበረች። ስትጠራት ገባች፣ ነገረችህ። ከዚያ «ጠፋብኝ፣ የልጁን ስምና ሕመሙን እንደገና ንገሪኝ» ስትላት ሰማሁ። ልጁን ወደ ደረቷ አስጠግታ፣ እንደገና ነገረችህ። አንተ ክፉ ልጅ ሆነህ አይደለም፤ ያም ሰው ክፉ አልነበረም።

በል አሁን ተነሥ። ነገ ጠዋት በሩ ሳይከፈት አዲሱን ከካርቶኑ አውጣው። አሮጌህን ደግሞ እሑድ ይዘኸው እኔ ቤት ና፤ ያን የመመረቂያ ጽሑፍህን ታነብልኛለህ። እስኪበራ ድረስ ሁለታችን ቁጭ ብለን እንጠብቀዋለን።