ውሻው የጮኸበት ጠባቂ

«አንድ ገበሬ ነበረ» አሉ መምሬ አዱኛ፣ እቴነሽ ጥያቄዋን ገና እንደጨረሰች። የጡት ካንሰሯ በቀዶ ሕክምና ከወጣላት በኋላ፣ በሽታው እንዳይመለስ ሐኪሟ የሆርሞን ክኒን አዘውላት ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ክንዷና አንገቷ በሽፍታ ተሞላ። ፈርታ፣ ለማንም ሳትናገር መዋጥ ካቆመች ዘጠኝ ቀኗ ነው። «ብውጠው እሱ ይገድለኛል፣ ብተወው በሽታው። የቱ ይሻለኛል፣ አባ?» ነበር ያለቻቸው።

«ገበሬው ማሽላ ዘራ። እሸት ሲይዝ የዝንጀሮ መንጋ ከገደሉ እየወጣ ይፈጀው ጀመር። ልጆቹን የሚያበላበት ሌላ እህል አልነበረውም። አንድ ሽማግሌ ከቆላ ጠባቂ አመጡለት። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው፤ ማማው ላይ ወጥቶ ወንጭፉን ሲያጮኽ ዝንጀሮ ዝር አይልም። የገበሬው ውሻ ግን ጠባቂውን ባየ ቁጥር ግቢውን በጩኸት ያምሰዋል። አንድ ቀን ሱሪውን ዘነጠለው።

«ገበሬው ‹ውሻዬ ያለ ነገር አይጮኽም› ብሎ ጠባቂውን አሰናበተ። ማንንም አላማከረም፤ እንዲህ ያለ ሰው እኔ አልወድም። በሦስተኛው ቀን የማሳው እኩሌታ አለቀ። ያን ጊዜ ወደ ሽማግሌው ሮጠ።

«‹ውሻው የጮኸ ዕለት ለምን አልነገርኸኝም?› አሉት። ‹ሰውየው ትከሻው ላይ የሚጥለውን አላየህም?› ለካ የነብር ቆዳ ኖሯል፤ ውሻውን የሚያስጮኸው ሽታው ነው። የቆላ ጠባቂዎች ዝንጀሮ ለማስደንገጥ ይለብሱታል። ሽማግሌው ጠባቂውን መልሰው አስጠሩት፤ ቆዳውን ትቶ በጋቢ ሲመጣ ውሻው አሽትቶት ተመልሶ ተኛ። የቀረው ማሽላ ተረፈ።»

መምሬ ወደ እቴነሽ ዞሩ።

«ልጄ፣ ጠባቂው ክኒንሽ ነው፣ ውሻው ሰውነትሽ፣ ጩኸቱም ሽፍታሽ። ገበሬው ውሻውን መስማቱ ጥፋት አይደለም፤ ጥፋቱ ጠባቂውን ላመጡለት ሰው አለመናገሩ ነው። ሰውነትሽ በመድኃኒቱ ይጩኽ፣ አብሮት በተቀላቀለ ነገር ይጩኽ፣ እኔ ቄስ ነኝ፣ በምን አውቃለሁ? ያዘዙልሽ ሐኪም ያውቃሉ። ፊትሽ ቢያብጥ ወይ ትንፋሽ ቢያጥርሽማ እኔ ዘንድ እንዳትመጪ፤ በቀጥታ ሆስፒታል ነው። አሁን ደውዪ።»

እቴነሽ እዚያው ተቀምጣ ደወለች። ሽፍታውንም፣ ማቆሟንም ሳትደብቅ ተናገረች። ሐኪሟ አልተቆጧትም። ትንፋሿን፣ ፊቷን፣ ምላሷን አንድ በአንድ ጠየቋት፤ ደህና ነኝ አለች። እስኪያዩዋት ድረስ ክኒኑን እንደገና እንዳትጀምር፣ ነገ ጠዋት ካርቶኑን ይዛ እንድትመጣ ነገሯት። ስልኩን ስትዘጋ እንባዋ ወረደ፣ ፊቷ ግን ፈክቶ ነበር።

«ይሄ ባይስማማሽ ሌላ ዓይነት አለ አሉኝ፣ አባ።»

«ታዲያ በአገሩ ያለው ጠባቂ አንድ ብቻ መስሎሽ ነበር?» አሏት መምሬ።