ጥሬዋ እንስራ

ዛሬ ዛሬ ለፈሪ ሁሉ የምትወረወር አንዲት ተረት አለች። ተናጋሪዋ ብዙ ነው፤ መጀመሪያ ለማን እንደተነገረች የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። የተነገረችው ከአባይ በረሃ አፋፍ ላይ ካለ የሸክላ ሠሪዎች መንደር፣ ለአንዲት እናት ነው።

እናትየዋ አጀቡሽ ትባላለች። እሷ በእሳት የተኮሰችውን ጋን ልጅ ይወርሰዋል እየተባለ ይወራላት ነበር። አንድያ ልጇ ፈንታነሽ አባይን ተሻግራ የተዳረች ዕለት፣ ሚዜዎቹ በቅሎ ሲጭኑ፣ ሙሽሪት ጓሮ ተቀምጣ ትንሽ እንስራ ታበጅ ነበር። ድንገት «ፈንታ!» ብለው ሲጠሯት ደንግጣ የእንስራዋን አንገት ጨበጠችው። አምስቱም ጣቶቿ እርጥቡ ጭቃ ላይ ታትመው ቀሩ።

«እማዬ፣ ስመጣ አስተካክላታለሁ» ብላ ሄደች።

ሰባት ክረምት አለፈ፤ ፈንታነሽ አልመጣችም። አንድ ነጋዴ «ደህና ናት» ብሎ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ያም ወሬ ጠፋ። አጀቡሽ እንስራዋን ሳትተኩስ አኑራ፣ በየጠዋቱ ጣቶቿን በልጇ ጣቶች ማረፊያ ላይ ታሳርፋለች። የልጅቷ ጣት ቀጭን ስለነበር የእናትየው ጫፉ ብቻ ነው የሚገባው። «ናፈቅሽኝ፣ እኔስ አልቻልኩም» ትላታለች፣ ሰው ሰማኝ አልሰማኝ ሳትል።

እማማ ዘርፌ፣ የመንደሩ አንጋፋ ሸክላ ሠሪ፣ ይህን ስታይ ትቆጣለች።

«አንቺ ሴት፣ ጥሬ ሸክላ እኮ ገና አፈር ነው! ውሃ ከነካው ወደ ጭቃው ይመለሳል። እሳት ካየ ወዲያ ግን ሌላ ፍጥረት ነው፤ ዓመት ቢዘፈዘፍ ጭቃ አይሆንም። ተኩሻት!»

«ከአሥሩ ሁለቱ እሳት ውስጥ ይፈነዳል፣ እማማ። ይቺ ከሁለቱ አንዷ ብትሆንስ?»

«የሰውን ዕቃ ስትተኩሺ እንዲህ አልፈራሽ!»

«የሰው ዕቃ የልጄ ጣት የለበትም።»

በሚያዝያ አሮጊቷ አንድ ውል አመጣች። «ከሁለቱ ጋኖቼ መሃል አስቀምጣታለሁ፤ ንፋስም አይነካት። ከፈነዳች ጋኖቼን በገዛ እጄ እሰብራቸዋለሁ» አለች። አጀቡሽ እሺ አለች። ኩበቱ ተደረደረ፣ ገለባው ከላይ ለበሰ። እማማ ዘርፌ ፍሙን ልታስጠጋ ስትል ግን አጀቡሽ እጇን ገለባው ውስጥ ሰድዳ እንስራዋን መንጭቃ አወጣችና በነጠላዋ አቅፋ ሮጠች። ለትኩሱ የተሰበሰቡት ሴቶች በሳቅ ፈረሱ። ምን ያድርጉ፣ የሰው ናፍቆት ለተመልካች ያስቃል።

ከዚያ ወዲያ ምድጃዋንም ጠረጠረች። ወላፈን እንዳይደርስባት ብላ እንስራዋን ከጎጆው ጥግ፣ የጣሪያው ሣር ካረጀበት በኩል አኖረቻት።

ሐምሌ ገባ። አጀቡሽ ገበያ በዋለችበት ቀን ዶፍ ወረደ። እየሮጠች ብትመጣም የጣሪያው ጠፈጠፍ ቀድሟት ወርዶ ኖሯል፤ ጥጉ ላይ ያገኘችው አንድ ክምር ጭቃ ነው። ተንበርክካ በመዳፏ ዳበሰችው፤ ጣት የሚያርፍበት ጎድጓዳ ፈለገች፣ አጣች። ጭቃው ያው ጭቃ ነው፤ ከአፈሩ አንዲት ፍሬ አልጎደለችም። ከፈለገች እዚያው ሌላ እንስራ ልትሠራበት ትችላለች። አንገቱን የሚጨብጠው ግን የልጇ ሳይሆን የእሷው እጅ ነው።

ልቅሶዋን ሰምታ እማማ ዘርፌ በከዘራዋ እየተደገፈች ደረሰች። ሳትጠየፍ አጠገቧ እርጥቡ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«እማማ» አለች አጀቡሽ፣ «ፈንድታም ቢሆን እኮ ገሏ ይቀርልኝ ነበር። አንዲት ጣት ያለባት ገል ትበቃኝ ነበር!»

አሮጊቷ የአጀቡሽን ጭቃማ እጆች በቀሚሷ ጫፍ እየጠረገች፣ ለራሷ የምትነግር ያህል ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አዬ ልጄ፤ እሳት የፈራ ሸክላ፣ ጠፈጠፍ ያፈርሰዋል» አለች።