የደብሪቱ እንግዳ

ዛሬ እየሳቅን የምንተርታት አንዲት አጭር ተረት አለች። የተወለደችው ግን በለቅሶ ነው፤ መነሻዋን የሚያውቅ ሰው ሲስቅባት አላየሁም።

ደብሪቱ የምትባል ባልቴት አንጓች የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻት። ውሃ ልትቀዳ ወንዝ በወረደችበት ሰው ገደላት። ገዳዩን ለማውጣት አገሩ በሙሉ አውጫጭኝ ተቀመጠ። ሽማግሌ ለመነ፣ ቄስ ገዘተ፤ ጠቋሚ ጠፋ። ገዳዩ ያልታወቀ ደም ደግሞ ወሬው አያልቅም። ከሩቅ ገበያ የመጣው ሁሉ ወንዙን ሊያይ፣ እናቲቱን ሊያይ ይጎርፍ ጀመር። «እሷ ናት» እየተባለች በጣት መጠቆም ያንገሸገሻት ደብሪቱ፣ ቤቷን ዘግታ ማንም ወደማያውቃት አገር ተሰደደች። እዚያ ጠላ እየሸጠች፣ ልጇን በልቧ ብቻ እያለቀሰች ኖረች። ታሪኳን የሚያውቁት ማደሪያ የሰጧት ሽማግሌ፣ አያ ቢተው ብቻ ነበሩ።

በአንድ የገበያ ቀን ዝናብ ያባረረው አሞሌ ነጋዴ ከጠላ ቤቷ ገባ። ዋንጫውን ገና እንደጨበጠ ወሬውን ጀመረ።

«የአንጓችን ነገር ሰምታችኋል?»

«ስሟን እንጂ ዝርዝሩን አልሰማንም፤ እስቲ አጫውተን!» አሉ ጠጪዎቹ።

ከጠጪዎቹ መሃል የነበሩት አያ ቢተው ወሬውን ሊያስቆሙ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ፤ የወሬ ጥም ያለበት ሰው ግን ጉሮሮ አይሰማም።

«ልጅቱ የወንድ ቀጠሮ ነበራት አሉ። ፊቷማ አይለይም ነበር። እናትየዋም ገዳዩን ታውቀዋለች ይባላል፤ አፏን ዘግታ ጠፋች።» ነጋዴው ወደ ደብሪቱ ዞረና፣ «እሜቴ፣ እንዲህ ያለች እናት አይተው ያውቃሉ?» አላት።

ደብሪቱ እንስራዋን አስቀመጠች። ዝም ብትል ተሸሽጋ ትኖራለች፤ የልጇ ስም ግን በየጠላ ቤቱ ይረክሳል።

«ወንድሜ፣ ቀጠሮ አልነበራትም። ውሃ የላክኋት እኔ ነኝ። ፊቷም ይለይ ነበር፤ አጥቤ የገነዝኳት እኔ ነኝ።»

ነጋዴው «አፈር ይብላኝ፣ ይማሩኝ!» ብሎ ከእግሯ ወደቀ። ከወደ ጥግ ግን አንዱ ጠጪ አንገቱን አሰገገና፣ «ታዲያ ማን ገደላት?» አለ።

ደብሪቱ እንስራዋን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች። በሚቀጥለው ገበያ ደጇ ተዘግቶ ተገኘ። ሊያዩዋት የመጡት ሰዎች አያ ቢተውን ከበው «የት ሄደች? ምን ብለዋት ነው?» ሲሏቸው፣ ሽማግሌው እንባቸውን በጋቢያቸው ጠርገው እንዲህ አሉ፦ «ምን ይሏታል ልጆቼ! መርዶ ለማያውቅ ነበር የሚነገረው፤ እነሱ ግን ለቀባሪው አረዱት።»