የማይቀደሙት ፊታውራሪ

በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም ይባላል። ፊታውራሪ ቢተው የሚባሉት ጌታ ግን ሩሯን እየመቱ ሲሮጡ የቀደማቸውን ሰው መሬት ይነጥቁ ነበርና፣ ሜዳው ላይ የሚደርስባቸው ጠፋ።

አንድ ዓመት ከጨዋታው በኋላ ጠጅ ቤታቸው ውስጥ ስለ አውሬ ሩጫ ወሬ ተነሣ። ፊታውራሪ አንድ ምላሰኛ ገበሬ አስጠሩ።

«ከአውሬ ሁሉ ሯጩ ማነው?»

«አቦሸማኔ ነው፣ ጌታዬ።»

«ከእኔ ጋር ቢሮጥስ ማን ይቀድማል? ብትሸነግለኝ ትገረፋለህ፤ ብታዋርደኝ መሬትህን ትለቃለህ።»

ገበሬው ያቺን ከአባቱ የወረሳትን ቁራሽ መሬት አሰባት። በየትም ቢዞር ማምለጫ የለውም።

«አቦሸማኔው ይቀድምዎታል» አለ።

ፊታውራሪ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ።

«ምን አልክ አንተ!»

«አይፍረዱበት ጌታዬ፤ እንስሳ ነው። የሚነጠቅ መሬት የለውም።»