ጀግናውን የላሰው አያ ጅቦ

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ነጎድጓዱን አስከትሎ በገባበት ወራት፣ የንጉሥ አንበሳ ደቦሎች እንቅልፍ አጡ። ሰማዩ ባጉረመረመ ቁጥር እናታቸው ሆድ ሥር ይወሸቃሉ። አባታቸው «አይዟችሁ» ብሎ ቢያገሳ ነጎድጓዱ ድምፁን ይውጠዋል። ንጉሡ በዚህ ነገር በጣም አፍሮ ነበር፤ ለማንም ግን አልተናገረም።

መላ ያመጣችው ሥዕል አዋቂዋ እመት ጦጣ ናት።

«ጃንሆይ፣ ልጅ የሚፈራውን የሚመታለት ጀግና ይፈልጋል» አለች። «እኔ አንድ ልዕለ ጀግና ልንደፍላቸው። ካባ ለብሶ በሰማይ የሚበር፣ ፊቱን በጭምብል የሸፈነ፣ ነጎድጓድን በቡጢ የሚያባርር። ቀለሙን ግን አራዊቱ ይቀቡት፤ የብዙ ሰው እጅ ያረፈበት ነገር ደስ ይላል።»

ንጉሡ ተደሰተና አዋጅ አስነገረ። ጀግናውን ከሁሉ አሳምሮ የቀባ፣ ሥዕሉ በዋሻው ግድግዳ ይሰቀልለታል፤ እሱም ንጉሡ በሚደግሰው ግብር ቀን በበር ገብቶ በንጉሡ ቀኝ ይቀመጣል።

አራዊቱ አዋጁን ሙሉውን ሰሙ። አያ ጅቦ ግን «በበር ገብቶ» የምትለዋን ብቻ ነው የሰማው። አያ ጅቦ በዕድሜው ያላየው ድግስ የለም፤ ሁሉንም ያየው ግን በአጥር ቀዳዳ ነው። ስሙን ጠርቶ «ይግባ» ያለው አንድም ደጋሽ የለም። ስለዚህ ከዚያን ቀን ጀምሮ ዋሻው ደጃፍ ላይ አገባቡን ይለማመድ ጀመር። ጭራውን ቀጥ፣ አንገቱን ቀና፤ የኋላ እግሩ ብቻ እንደ ልማዱ ዝቅ እያለ አስቸገረው።

እመት ጦጣ የነበራት የፍየል ብራና ለሦስት ብቻ የሚበቃ ስለሆነ ዕጣ ተጣለ። ዕጣው ለአህያ፣ ለቀበሮና ለአያ ጅቦ ወጣ። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ እዚህ ግን አሳምረው የሚያውቁት ናቸው ቁርበቱን በእጁ ያስያዙት። «ኧረ ተዉ!» ያለ አንድ ሽማግሌ እንኳ አልነበረም።

እመት ጦጣ በሦስቱም ብራና ላይ ያንኑ ጀግና በከሰል ነደፈች። ቀለሙንም አደለቻቸው፤ ቀዩን ከቀይ አፈር፣ ቢጫውን ከእርድ፣ ሰማያዊውን ከጫካ አበባ፣ ጥቁሩን ከጥላሸት። ሁሉም የተለወሰው ከበሬ ቆዳ ተቀቅሎ በወጣ ሙጫ ነው። አያ ጅቦ ይህን ሲሰማ አፍንጫው ተንቀሳቀሰ፤ ወዲያው ግን «ነውር ነው» ብሎ ራሱን ገሠጸ።

«በሉ ስሙኝ» አለች እመት ጦጣ። «ከፈዛዛው ጀምራችሁ ወደ ደማቁ ሂዱ፤ ጥቁር አንዴ ከወደቀ የሚያነሣው የለም። መጀመሪያ ጠርዙን፣ ከዚያ መሃሉን። አንዱ ሳይደርቅ ሌላውን አትደርቡበት። ካባው ቀይ ከሆነ ጭምብሉን ሌላ ቀለም አድርጉት፤ አለዚያ ጀግናው የበርበሬ ስልቻ ይመስላል። ሲያልቅ ደግሞ ሙጫው ላይ ትንሽ የእሬት ጭማቂ ጠብ አድርጋችሁ ከላይ አልብሱት። ይመራል፣ ይሸታልም፤ ግን ብል አይደፍረውም።»

አህያ ጆሮዋን አቁማ አዳመጠች። አያ ጅቦም አዳመጠ፤ ግን ለመቀቢያ የተሰጠውን እንጨት እያኘከ ስለነበር ምክሩ ሲያልቅ እንጨቱም አለቀ፣ ምክሩም ጠፋው።

ጎረቤቱ ቀበሮ ዘንድ ሄደ።

«ወንድሜ ቀበሮ፣ የሚጀመረው ከፈዛዛው ነው ከደማቁ?»

ቀበሮ የንጉሡን ቀኝ ለራሱ ካሰበው ቆይቷል። ቀና ብሎ አየውና ፈገግ አለ። «አያ ጅቦ! እርስዎን የመሰለ ጌታ በፈዛዛ ይጀምራል? ጥቁሩን ያፍስሱበት እንጂ!»

«ጠርዙስ?»

«ጠርዝ ማለት አጥር ነው። እርስዎ ደግሞ አጥር አክብረው ያውቃሉ?»

አያ ጅቦ አሰበና እውነት መሰለው።

«እስኪደርቅ ጠብቁ ብላለች መሰለኝ...»

«ሥጋ እስኪደርቅ ጠብቀው ያውቃሉ?»

«ኧረ በፍጹም!»

«ታዲያ!» አለ ቀበሮ። «እሬቱንም ይተዉት። እኔም አልጨምርም።» ቀበሮ በዚያን ቀን የተናገራት እውነት ይህች ብቻ ናት፤ የእሬት ሽታ ራሱን ያዞረዋል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዋናውን ምሥጢር ልንገርዎት? ማብሪያው ምላስ ነው። ፀሐይ ሲመታው በምላስዎ ጠረግ ያድርጉት፤ እንደ መስተዋት ያበራል። ጎረቤት መርዳትም ጽድቅ ነውና የአህያንም ቢያበሩላት አትጠላም።»

አያ ጅቦ መርቆት ሄደ። እንደተመከረውም ቀባ። ጥቁሩ ቀዩን ዋጠ፣ ቢጫው ከካባው አልፎ ሜዳውን ሞላ፤ ጀግናው ዝናብ ያገኘው የከሰል ነጋዴ መሰለ። አያ ጅቦ ግን ወደደው። እንዲያውም ቁጭ ብሎ ሲያየው ዓይኑ እንባ አቀረረ። በዕድሜው በእጁ ገብቶ ሳይበላው ያደረ የመጀመሪያ ነገር ነበር።

የግብሩ ቀን ደረሰ። ሥዕሎቹ ለመጨረሻ ጊዜ እንዲደርቁ ከንጉሡ ደጅ ባለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተሰጡ። የአያ ጅቦንና የአህያን ሥዕል ጎን ለጎን ያደረገው ቀበሮ ነው፤ የራሱን ከወዲያ ጫፍ ዘረጋና እጅ ሊነሣ ወደ ውስጥ ገባ። እመት ጦጣና አህያ እጃቸውን ሊታጠቡ ወንዝ ወረዱ።

ፀሐይዋ ከደመና ወጣች። ብራናው ሞቀ፣ ሙጫው ሸተተ።

«ላብራው» አለና አያ ጅቦ ጀግናውን ጫማው ላይ አንዴ ላስ አደረገ። ጥሩ ነው። ካባውን ላሰ። ይበልጥ ጥሩ ነው። «ጭምብሉ ብቻ አይቅር» አለ። ብዙም ሳይቆይ የሚያበራው ነገር አጣ፤ ብራናውም ጭምር ሄዷል። ደነገጠ፣ አዘነ። ኀዘኑን ሊረሳ ወደ አህያ ሥዕል ዞረና ካባው ላይ ምላሱን አሳረፈ።

«እትፍ! እትፍ! ምን ጉድ ነው?» እሬቱ ጉሮሮው ድረስ ወረደ። አፉን የሚያጣፍጥበት ሲፈልግ ከወዲያ ጫፍ የተዘረጋውን የቀበሮን ሥዕል አየ። እንዲያበራ ተብሎ ሙጫው በላይ በላዩ የተለቀለቀበት ነው። በዚህኛው ላይ «ላብራው» ማለትም አላስፈለገውም።

በዚህ መሃል አጋፋሪው ዝንጀሮ በሩ ላይ ቆሞ ጮኸ። «አያ ጅቦ ይግባ!»

ዕድሜውን ሙሉ የጠበቃት ቃል! አያ ጅቦ ጭራውን ቀጥ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ በበሩ ገባ። ከንፈሩ ቀይ፣ አፍንጫው ሰማያዊ፣ ጺሙ ቢጫ፣ አገጩ ጥላሸት ነበር።

«ሥዕልህስ?» አለ ንጉሡ።

አያ ጅቦ ውሸት ፈለገ፤ አልመጣለትም። «ጃንሆይ፣ ጀግናው እዚህ ነው» ብሎ ሆዱን አሳየ።

ቀበሮ ሮጦ ወጥቶ ድንጋዩን አየና እየጮኸ ተመለሰ። «ጃንሆይ፣ ፍርድ! ሥዕሌን በላብኝ!»

«አበራሁት እንጂ!» አለ አያ ጅቦ። «ማብሪያው ምላስ ነው ያልከኝ አንተ አይደለህ? የአህያንም አብራላት ብለኸኝ ሞከርኩ፤ መረረኝ። ያንተ ግን፣ እውነቱን ልናገርና፣ ከሦስቱም ይበልጣል!»

በዚህ ጊዜ ሰማዩ ተሰነጠቀ። ነጎድጓዱ ዋሻውን አናወጠው። ሁሉም ወደ ደቦሎቹ ዞረ። ደቦሎቹ ግን አልሰሙም፤ የአያ ጅቦን ፊት እያዩ በሳቅ ይንከባለሉ ነበር።

ንጉሡ ፈረደ። «የአህያ ሥዕል ይሰቀል፤ እሷም በቀኜ ትቀመጥ። አያ ጅቦ ሰማዩ ባጉረመረመ ቁጥር በበር ይግባ፣ ፊቱንም ደቦሎቼ ይቀቡት። የቀለሙን ገበታ ቀበሮ ይያዝላቸው።»

«በበር!» አለ አያ ጅቦ፤ ደስታ ሊገድለው ደረሰ።

«ጃንሆይ፣ እሬቱ እንዳይረሳ» አለች ከወንዝ የተመለሰችው እመት ጦጣ። «አለዚያ ቀለሙን ከፊቱ ላይ ልሶ ይጨርሰዋል።»

እንደተባለው ሆነ። ደቦሎቹ እሬት በገባበት ቀለም ፊቱን ቀቡት፤ አያ ጅቦም በዚያን ቀን ከነቀለሙ ግብር ላይ ተቀመጠ። ጮማው መጣ፤ ጎረሰ፤ መረረው። አጥንቱን ቆረጠመ፤ መረረው። መረቁንም ጠጣ፤ እሬት እሬት አለው። ገበታ ያዡ ቀበሮ አጠገቡ ሆኖ በእሬቱ ሽታ ራሱ ይዞራል።

«ምነው አያ ጅቦ፣ ይብሉ እንጂ!» አለች አህያ ከንጉሡ ቀኝ ሆና፣ በወጉ።

አያ ጅቦ ግን በበሩ አሻግሮ ያችን የድሮ የአጥር ቀዳዳ በናፍቆት እያየ ነበር።

ከዚህ የምንማረው ባልንጀራውን ለማሰናከል የተገላቢጦሽ ምክር የሚመክር የገዛ ሥራውን ለባልንጀራው ምላስ እንደሚያሰናዳ፣ ምክርን ከነምሬቱ የተቀበለ ግን ሥራው እንደሚተርፍለት ነው።