ያለ ዘፈን የማይነሳ ድንች

«...አንድም! አንተ ሙት ጌጡ፣ አንድም ልጅ አፉን አልከፈተልኝም! ሠላሳ አንድ ልጅ ቁጭ ብሎ ያየኛል። ነገ ጠዋት ዳይሬክተሩ በር ላይ ቆሞ ሊሰማን ነው። ነገም ዝም ካሉ በቃ፣ ሻንጣዬን ይዤ መመለሴ ነው።»

ጌጡ ድሬዳዋ አትክልት ተራ፣ የድንች ኩንታል ላይ ቁጭ ብሎ ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መሀል ይዞታል። እህቱ ስንዱ ጅቡቲ፣ አሊ ሳቢህ፣ ፈረንሳይኛ ለሚናገሩ ልጆች እንግሊዝኛ ላስተምር ብላ ቅዳሜ ሄደች። ዛሬ ረቡዕ ነው። የፈለገችው ትንሽ ነገር ናት፤ ልጆቹ «ጉድ ሞርኒንግ» እንዲሏት። እሷኑ ብቻ።

«ለምን አይሉሽም?»

«ካድራን እያዩ ነዋ! ካድራ የምትባል አለች፣ የፊት ጥርሷ የወለቀ፣ ይቺን የምታህል። የክፍሉ አለቃ እሷ ናት። እሷ ካላለች ማን ይላል?»

«ካድራስ ምን ሆነች?»

«መስኮት መስኮቱን ታያለች። እናቷ ሮዳ በሩ ላይ ሳምቡሳ ትሸጥ ነበር አሉ። ካድራ ልቧ የሚሞላው እናቷን በመስኮት ስታይ ነው፣ ዘበኛው ነው የነገረኝ። ሮዳ ደሞ ከእሁድ ጀምሮ ቀርታለች፤ እዚህ እሁድም ትምህርት አለ።»

እንግዲህ ይኸውላችሁ። ልጆቹ አይናገሩም፣ ካድራ ካልተናገረች። ካድራ አትናገርም፣ ሮዳ በሩ ላይ ካልተቀመጠች።

«ሮዳን ደሞ ምን ነካት?»

«ድንች የላትም። ሳምቡሳው በምን ይሞላ? ከድሬዳዋ ድንች የሚያመጣው መኪና ቀርቷል ይላሉ።»

ጌጡ የተቀመጠበትን ኩንታል አየው። ቀና ሲል መኪናውንም አየው። ሹፌሩ ኢድሪስ ከጎማው ሥር፣ ጥላው ላይ ተጋድሟል።

«ኢድሪስ! አሊ ሳቢህ አትሄድም እንዴ?»

«ባዶዬን? ከቅዳሜ ጀምሮ ጫኑልኝ እያልኩ ምላሴ አለቀ! ድንቹ ሳይጫን ጎማዬም አይዞር!»

ስንዱ በስልክ ውስጥ ሰማችው። ልጆቹ አይናገሩም፣ ካድራ ካልተናገረች። ካድራ አትናገርም፣ ሮዳ ካልተቀመጠች። ሮዳ አትቀመጥም፣ ድንች ካልመጣ። ድንች አይመጣም፣ ኢድሪስ ካልነዳ። ኢድሪስ አይነዳም፣ ድንቹ ካልተጫነ።

«ታዲያ ለምን አትጭኑለትም?» አለች።

ጌጡ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮው አዛወረ። ከጎኑ የነበሩት ጋሽ ሙላት ግን፣ የጫኞቹ ትልቅ ናቸው፣ ወደ ስልኩ ጠጋ ብለው ጮሁ። «የኔ ልጅ፣ እኔ ልንገርሽ! ሽንኩርት ያለ ዘፈን ይጫናል። ድንች ግን መቶ ኪሎ ነው፤ ያለ ዘፈን ከመሬት አይነሳም! አውራጁ ደሞ ከቅዳሜ ጀምሮ አፉን ዘግቷል!»

አውራጅ ማለት ዘፈኑን ቀድሞ የሚያነሳው ነው። እሱ ያወርዳል፣ ሌላው «ሆ!» ብሎ ይቀበላል፣ በዚያች «ሆ» ላይ ሁሉም እጅ አንዴ ያነሳል። እሱ ከሌለ አንዱ ይቀድማል፣ አንዱ ይዘገያል፣ የሰው ወገብ ይቀጫል።

«ጌጡዬ» አለች ስንዱ ቀስ ብላ። «አውራጁ አንተ አይደለህ እንዴ?»

«ነኝ።»

«እና ምን ሆነህ ነው የማትዘፍነው?»

«ከሄድሽ ጀምሮ በየቀኑ እያለቀስሽ እየደወልሽ እንዴት ብዬ ልዝፈን? አፌን ስከፍት እንባዬ ይቀድመኛል።»

በሉ ቁጠሩ። ልጆቹ አይናገሩም፣ ካድራ ካልተናገረች። ካድራ አትናገርም፣ ሮዳ ካልተቀመጠች። ሮዳ አትቀመጥም፣ ድንች ካልመጣ። ድንች አይመጣም፣ ኢድሪስ ካልነዳ። ኢድሪስ አይነዳም፣ ጫኞቹ ካልጫኑ። ጫኞቹ አይጭኑም፣ ጌጡ ካልዘፈነ። ጌጡ አይዘፍንም፣ ስንዱ ካልሳቀች። ስንዱ አትስቅም፣ ልጆቹ ካልተናገሩ! ማን ጀመረው ቢባል ማን ያውቃል?

ጌጡ ስልኩ የተቋረጠ መስሎት «ሄሎ? ስንዱዬ?» አለ። ከዚያ ሰማው፤ ያ የልጅነት ሳቋ፣ መጨረሻው ላይ አፍንጫዋ የሚያፏጨው።

«ወይኔ ጉዴ! አራት ቀን ሙሉ ልጆቹን ስረግም፣ ለካ ድንቹ ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ!»

«አይ፣ እሱስ እኔ ነኝ» አለና ተነሳ። እሱም ሳቀ። እንባውም መጣ፣ ግን ዘፈኑ ቀደመው።

«ተነሳ ድንቹ፣ መንገደኛ ነህ!»

«ሆ!»

«እህቴ ጋ ነው የምትደርሰው!»

«ሆ!»

«ኧረ ይሄ ልጅ ድምፁ አልጠፋም ነበር!» አሉ ጋሽ ሙላት ኩንታል ሥር ሆነው።

ስንዱ ሳቀች፣ ጌጡ ዘፈነ። ጌጡ ዘፈነ፣ ጫኞቹ ጫኑ። ጫኞቹ ጫኑ፣ ኢድሪስ ሌሊቱን ነዳ። ኢድሪስ ነዳ፣ ድንቹ መጣ። ድንቹ መጣ፣ ሮዳ ጠብሳ በሩ ላይ ተቀመጠች። ሮዳ ተቀመጠች፣ ካድራ በመስኮት አየቻት። ካድራስ?

ሐሙስ ጠዋት የጌጡ ስልክ ጮኸ።

«ቆዪ አለኝ ጌጡዬ! ዳይሬክተሩ እዚሁ ቆዪ አለኝ! ዝም ብለህ ስማ!»

መጀመሪያ አንዲት ቀጭን ድምፅ መጣች፣ በወለቀው ጥርስ በኩል። ከኋላዋ ሠላሳው፣ ፈረንሳይኛ በለመደ ጉሮሮ፣ እንደ ጫኝ አንድ ላይ።

«ጉድ ሞርኒንግ፣ ጌጡ!»

ጌጡ ከኩንታሉ ላይ ብድግ አለ። ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን ሲተው የደብተሩን ያልተጻፈበትን ገጽ ለእሷ ነበር የሰጣት። ለራሱ ያስቀረው አንድ ነገር ነው፤ መምህር ሲገባ ተነስቶ የሚባለውን። እጁን ወደ ታች ዘርግቶ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ «ጉድ ሞርኒንግ፣ ቲቸር!» አለ።

ጫኞቹ ሳቁበት። ጋሽ ሙላት ግን እሳቸውም ቆሙ።

«ሲት ዳውን» አለችው ስንዱ።

«ጌጡ! መኪና ገባ!» ብሎ ሌላ ሹፌር ጥሩምባውን ነፋ።

«መቀመጡ እንኳ አልሆነም እህትዓለም፣ ጭነት መጥቷል። ልዝጋው በይ።»

ዘጋውና እየዘፈነ ሄደ።